ሻካራ ሰሌዳ በቫርኒሽ

(የሕፃናት ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍል። ጠረጴዛዎቹ እስከ ጉልበት፣ ወንበሮቹ ከጉልበት በታች። ግድግዳው ላይ አንዲት ሚስማር፣ ሚስማሯ ላይ አንድ የምስክር ወረቀት። ኮሪደሩ ላይ የተነባበሩ አሮጌ ወንበሮች በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ያጮልቃሉ። መምህርቷና የትምህርት ቤቱ አናጢ አንድ ሰፊ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል። ሰሌዳው ከማብረቅረቁ የተነሳ መምህርቷ ፊቷን ታይበታለች፤ የምታየው ፊት ግን ደስ ያለው አይደለም።)

መምህርት፦ ጋሼ፣ እኔ ያዘዝኩዎት ይሄንን ነው?

አናጢው፦ የለም። አንቺ ያዘዝሽው ከዚህ ያነሰ ነው። ቀሪውን እኔ ነኝ የጨመርኩልሽ።

መምህርት፦ ምኑን?

አናጢው፦ አራት ቀን መላግ፣ ሦስት ዙር ቫርኒሽ። እስቲ እጅሽን ጣል አድርጊበት። ዝንብ ቢያርፍበት አንሸራቶት ይሰበራል።

መምህርት፦ እኔ ሻካራ ሰሌዳ ነው ያልኩት! ሻካራ!

አናጢው፦ አሻክሬው ነበር እኮ። እንዳልሽው ስድስት ቤት አበጀሁለት። አንዱ ላይ አሸዋ በኮላ ለጠፍኩ፣ አንዱ ላይ ሚስማር መታሁ፣ አንዱን በመጋዝ ቧጠጥኩት፣ አንዱ ላይ ገመድ…

መምህርት፦ ታዲያ የት ገቡ?

አናጢው፦ በማግሥቱ መጥቼ ሳየው አፈርኩ። ሰው ቢያየው ምን ይለኛል? "ሰውዬው እጁ ሞተ" ነዋ የሚለኝ። አሸዋው ላይ ቫርኒሽ ሞላሁበት፤ መስታወት ሆነ። የሚስማሮቹን ራስ ቀበርኩና በኮላና በሰጋቱራ ደፈንኩባቸው። መጋዝ የቧጠጠውን ላግኩት።

መምህርት፦ ገመዱስ?

አናጢው፦ ገመድ ምኑ ይላጋል? ፈታሁት።

መምህርት፦ (ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ) ወይ ጣጣዬ! ጋሼ፣ ርዕሰ መምህርቷ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወላጆችን ይዘው እዚህ ይገባሉ። ልጆቹ ዛሬ ሻካራውን ከለስላሳው ካልለዩ "ይሄ ክፍል ቀለም ከማባከን ሌላ ጥቅም የለውም" ብለው ጨርሰዋል። እነዚያ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ወንበሮች ምን የሚጠብቁ ይመስልዎታል?

አናጢው፦ የኔን ጥገና።

መምህርት፦ የኔን ክፍል! የሥዕል ክፍሌ የወንበር መጋዘን ሊሆንብኝ ነው።

አናጢው፦ እና ሻካራ ነገር ነው የሚያድንሽ? እኔ በዕድሜዬ ሰው ከሻካራ ሲድን እንጂ በሻካራ ሲድን አላየሁም።

መምህርት፦ እንግዲያው ቁጭ ይበሉ፤ ላስረዳዎት።

(አናጢው የሕፃናት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ። መምህርቷ ማስረዳት ስትጀምር ጭንቀቷን ሁሉ ትረሳለች፤ አሁንም ረሳችው።)

መምህርት፦ ልጅ ዓለምን መጀመሪያ የሚያነበው በጣቱ ነው። ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ብርድ ልብሱን ከግድግዳው በመዳሰስ ይለያል። እኛ ምን እናደርጋለን? ለዳሰሰው ነገር ስም እንሰጥለታለን። ሻካራ፣ ለስላሳ፣ ጎርባጣ፣ ሸንተረራም። እየተከተሉኝ ነው?

አናጢው፦ ከኋላሽ ነኝ።

መምህርት፦ ከዚያ በጣቱ ያወቀውን ወደ ወረቀት እናመጣዋለን። እዚህ ላይ ነው ውበቱ! ስስ ወረቀት ጎርባጣው ነገር ላይ ያነጥፋሉ። ክሬዮኑን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ አጋድመው ይፈትጋሉ፤ ቀስ እያሉ፣ ሳይጫኑ። ጉብ ያለው ቀለም ይይዛል፣ ጎድጎድ ያለው ነጭ ይቀራል። ከሥር የተደበቀው ነገር እያዩት ወደ ላይ ይወጣል! ልጁ የነካውን ያየዋል፤ ገባዎት ጋሼ? የነካውን ያየዋል!

አናጢው፦ (ወረቀት አንስቶ የሚያብረቀርቀው ሰሌዳ ላይ አነጠፈ። ሰማያዊ ክሬዮን አጋድሞ ፈተገ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነ።) ወጣ!

መምህርት፦ ምን ወጣ?

አናጢው፦ ሰማይ። ደመና የሌለው።

መምህርት፦ ጋሼ!

አናጢው፦ ምን ላድርግ ልጄ፣ ያልሽኝን ነው ያደረግኩት። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?

መምህርት፦ (በኩራት ወደ ግድግዳው እያሳየች) ሠልጥኜ ነዋ። "ሕፃናትን በመዳሰስ ስለማስተማር"፣ ሦስት ቀን ሙሉ።

አናጢው፦ ሦስት ቀን! ምን ምን ዳሰሳችሁ?

መምህርት፦ መዳሰስ እንኳ የለውም፤ ሥልጠና ነው። እነሱ ስክሪን ላይ ያሳያሉ፣ እኛ እንጽፋለን። በጣም የተደራጀ ነበር።

አናጢው፦ ሦስት ቀን ሙሉ የነካሽው ብዕርሽን ብቻ ነው?

መምህርት፦ ጋሼ፣ ጊዜ የለንም! መጋዙን ያምጡና መልሰው ይቧጥጡልኝ።

አናጢው፦ ይሄንን? ያጌጠች ሙሽራ ፊቷን ቧጭሩ ይባላል?

መምህርት፦ ይባላል። ዛሬ እኔ ብያለሁ።

(አናጢው መጋዙን አንስቶ ዓይኑን በከፊል ጨፈነ። የመጋዙን ጥርስ በመጀመሪያው ቤት ላይ ጎተተው፤ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው አቃሰተ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቤት ዞረ።)

መምህርት፦ ጎበዝ! እንደዚያ ነው። አዩ፣ አሁን ሕፃኑ ጣቱን በዚህ ሸንተረር ላይ ሲጎትት ምን ይላል? "ውይ፣ ይሄ ቧጠጠኝ" ይላል። እኛ ደግሞ "ምን ይመስላል?" እንለዋለን። አንዱ "ማበጠሪያ"፣ አንዱ "የአባዬ ጺም"። መልሱን እኛ አንነግረውም፤ ይሄ ዋናው ሕግ ነው። ልጁ ራሱ እስኪ… ጋሼ! እጅዎን!

አናጢው፦ (ደንግጦ) እጄን ምን?

መምህርት፦ ቀኝ እጅዎ መጋዝ ይዟል። ግራ እጅዎስ?

(ሁለቱም ተመለከቱ። ቀኝ እጁ ሁለተኛውን ቤት ሲቧጥጥ፣ ግራ እጁ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ የመጀመሪያውን ቤት አለስልሶ ጨርሷል።)

አናጢው፦ እሱን እኔ አላዘዝኩትም።

መምህርት፦ ማን አዘዘው ታዲያ?

አናጢው፦ አርባ ዓመት ለምዷል። ሻካራ ካየ አያልፍም። ልጄ፣ ሰው ሠርተህ አምጣ ሲለኝ "ያምር" ይለኛል እንጂ "ይቧጥጥ" ብሎኝ አያውቅም። እንደገና ልጀምር?

መምህርት፦ ተዉት! እርስዎ አንዱን ሲያሻክሩ ሌላውን ሲያለሰልሱ ዓመቱ ያልቃል። እኔ የራሴ መሣሪያ አለኝ። (ከመደርደሪያው ወፍራም ፋይል አወረደች፤ እቅፍ አድርጋ ይዛዋለች።) ሰሌዳው ለጌጥ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት በዚህ ነው። ችግሩ፣ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎትና፣ ልጆቹ ትንሽ… ዘገም ይላሉ።

አናጢው፦ እንዴት?

መምህርት፦ ሃያ ሁለቱም አንድ ናቸው። ይሄ ምንድን ነው? "ለስላሳ"። ይሄስ? "ለስላሳ"። ጆንያ አስነክቻቸው "ለስላሳ" ይሉኛል! የፊት ጥርሷ የወለቀችው ትንሿማ ሳልጠይቃት ከበር ጀምራ "ለስላሳ ነው መምህርት" እያለች ትገባለች። መቼም ከእነዚያ መካከል አንድ ጣት ያለው ይጥፋ?

አናጢው፦ አንድ ላይ ደነዘዙብሽ?

መምህርት፦ አንድ ላይ። ለዚህ ነው የፈራሁት። እስቲ እርስዎ ይሞክሩት፤ ከትልቅ ሰው ጋር ላነጻጽር። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ማጮለቅ የለም!

አናጢው፦ (ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ) ጨፈንኩ።

መምህርት፦ (ከፋይሉ አንድ ካርድ አውጥታ ከጣቱ ሥር እያደረገች) ይሄ?

አናጢው፦ (ዳሰሰ) ለስላሳ።

መምህርት፦ (ከንፈሯን ነክሳ) ይሄስ? በደንብ ይዳስሱ።

አናጢው፦ ለስላሳ።

መምህርት፦ ይሄኛው?

አናጢው፦ ለስላሳ። ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል።

መምህርት፦ (ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ጥላ) ወይ ጉድ! እርስዎም! ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እጅዎ በሥራ ብዛት ደንዝዟል። የመጀመሪያው ምን እንደነበር ያውቃሉ? የራስዎ ብርጭቆ ወረቀት! ከመሣሪያ ሳጥንዎ ለምኜ የወሰድኩት!

አናጢው፦ የኔ? (ዓይኑን ሳይገልጥ ደግሞ ዳሰሰው። በአውራ ጣቱ ሄደበት፣ ተመለሰበት።) የኔውማ የሰው ቆዳ ይገሽልጥ ነበር። ምን ሆኖ ነው የታመመው?

መምህርት፦ አልታመመም። እጅዎ ነው የታመመው።

አናጢው፦ (ዓይኑን ገልጦ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ካርዱ ብልጭ አለ።) የለበሰው ቀሚስ ምንድን ነው?

መምህርት፦ እሱማ ላሚኔት ነው። በማሽን የሚለበጥ ፕላስቲክ።

አናጢው፦ ለምን አለበስሽው?

መምህርት፦ እንዴ፣ የማስተማሪያ መሣሪያ እንዲሁ ራቁቱን ይቀመጣል? ሥልጠናው ላይ ተነግሮናል፤ መሣሪያ ለዓመታት እንዲያገለግል ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ልጆች ይልሱታል፣ ያንጠባጥቡበታል። ስለዚህ በየተራ አለበስኳቸው። ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ጆንያውን፣ ላባውን፣ ደረቁን ቅጠል። የዛፉ ቅርፊት ማሽኑን ስድስቴ አንቆት ነበር፤ አልተውኩትም። ይኸውልዎት፣ ፕላስቲኩ ከላይና ከታች ግጥም ይላል፣ ከዚያ በኋላ አቧራ አይነካው፣ ምራቅ አይነካው፣ እጅ አይነ…

(ቆመች። ቀስ ብላ ጆንያውን ከፋይሉ አወጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በሌባ ጣቷ ዳሰሰችው።)

መምህርት፦ (በሹክሹክታ) ለስላሳ።

አናጢው፦ ትንሽ ቀዝቀዝ አይልም?

መምህርት፦ (ቅርፊቱን፣ ቅጠሉን፣ ላባውን በየተራ እየዳሰሰች) ለስላሳ… ለስላሳ… ጋሼ! ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ ልክ ነበሩ!

አናጢው፦ የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ያልነኩትን ሻካራ ከየት ያምጡልሽ?

መምህርት፦ እኔ ደግሞ "በደንብ ዳስሱ፣ በደንብ ዳስሱ" እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። ያቺን ትንሿን እኮ "ልብሽ የት ሄዶ ነው?" ብያታለሁ። ይበሉ፣ ይናገሩት። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ይበሉኝ።

አናጢው፦ እኔ ምንም አላልኩም። ለዚያውም ሦስት ዙር ቫርኒሽ የቀባሁ ሰው ምን አፍ አለኝ?

(ከግቢው የዕረፍት ማብቂያ ደወል ይሰማል። መምህርቷ መቀስ አንስታ ፕላስቲኩን ልትቀድ ታገለች። ፕላስቲኩ ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ሙጭጭ ብሏል፤ ሲላቀቅ አሸዋውን ሁሉ ይዞት መጣ። እጇ ላይ የቀረው ተራ ወረቀት ነው፤ እሱም ለስላሳ።)

መምህርት፦ አለቀልኝ። ወንበሮቹን ያስገቡ ጋሼ። ከዚያ ጥግ ይጀምሩ።

አናጢው፦ ቆይ እስቲ። ሰሌዳውን በዚያ በኩል ያዢልኝ።

መምህርት፦ ምን ሊያደርጉት?

አናጢው፦ ልገለብጠው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ?

(ገለበጡት። የሰሌዳው ጀርባ ከእንጨት መሰንጠቂያ እንደወጣ ነው። ከዳር እስከ ዳር የመጋዝ ሸንተረር፤ መሃሉ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ የእንጨት ጉጥ፤ የደረቀ የኮላ ጠብታ፤ ሚስማሮቹ ወጥተው ታጥፈው የተቀጠቀጡበት ጎርባጣ፤ መዶሻ የሳተበት ጎድጓዳ፤ አንድ ጥግ ላይ ያልተላጠ ቅርፊት።)

መምህርት፦ ጋሼ… ያላለቀ ሥራ ሰጥተው አያውቁም አልነበር?

አናጢው፦ (አንገቱን ደፍቶ) ጀርባው ግድግዳ ላይ ይውላል ብዬ ነው። ግድግዳ ደግሞ ስንጥር አይወጋውም። ለማንም እንዳትነግሪብኝ።

መምህርት፦ (ሁለት እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋ) ይሄ ሸንተረር… ይሄ ጉብታ… ኧረ ይሄማ ውበት ነው! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስድስት! ስድስቱም አሉ! ጋሼ፣ ከዚህ የተሻለ አስቤ እንኳ አላዝዝም ነበር!

አናጢው፦ እኔም አስቤ አልሠራውም ነበር። ግን ልጆች ናቸው፤ ስንጥሩን ላንሳላቸው።

መምህርት፦ ስንጥሩን ብቻ!

አናጢው፦ ስንጥሩን ብቻ። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሄድ መለስ።

መምህርት፦ እኔ እቆጥራለሁ። አንድ… ሁለት… ሦስ… ጋሼ! እጅዎን!

አናጢው፦ ይኸው! ይኸው ተውኩ! (እጁን ከኋላው ደበቀ።)

(በሩ ተከፈተ። ሃያ ሁለት ሕፃናት፣ ከኋላቸው ወላጆች፣ ከሁሉም ኋላ ርዕሰ መምህርቷ ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ። መምህርቷ የተዘጋጀችበትን ንግግር ተወችው፤ ሰሌዳውን ወለሉ ላይ አጋድማ "ንኩ" ብቻ አለች። ከዚያ የፊት ጥርሷ የወለቀችው ትንሿ እንደ ልማዷ "ለስላ…" ብላ ጣቷን አሳረፈችና እጇን ሰበሰበች። ጣቷን አየችው። መልሳ ዘረጋችው። "ቧጠጠኝ!" ብላ ጮኸች፤ እንደዚህ ደስ ብሎት የተቧጠጠ ሰው ታይቶ አይታወቅም። በቅጽበት አርባ አራት እጅ ሰሌዳው ላይ ዋለ። "ይሄ ማበጠሪያ!" "ይሄ የአያቴ ተረከዝ!" "ይሄ ያበጠ ጉልበት!" ወረቀት ተነጠፈ፣ ክሬዮን ተጋደመ፣ ሸንተረሩና ጉብታው እያዩት ብቅ ብቅ አለ። አንድ አባት ኮቱን አውልቆ ተንበርክኮ መፈተግ ጀመረ፤ ልጁ "አባዬ፣ አትጫን" ብሎ አረመው። ርዕሰ መምህርቷም ማንም ያላያቸው ሲመስላቸው ጉጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሲወጡ ለአናጢው ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ለወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈልግላቸው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሁለቱ ብቻ ቀሩ።)

መምህርት፦ (ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ) ሰሙ አይደል? "ሌላ ቦታ ፈልግላቸው!"

አናጢው፦ ሰማሁ። ሥራው የኔ ነዋ። በይ አሁን ሰሌዳውን የት ልስቀለው? ገመዱ ለዚህ ጠቅሞኛል፤ በሁለቱም ፊት እንዲዞር አድርጌ አስሬዋለሁ። በዚህ በኩል ሻካራ፣ በዚያ በኩል ቫርኒሼ።

መምህርት፦ እሱማ ግድ ነው። ለስላሳውን ካልነኩ ሻካራው ምኑ ሻካራ ነው? ለካ ልፋትዎ ሜዳ ላይ አልቀረም።

አናጢው፦ ግን ሚስማሯ አንድ ናት። ወይ ሰሌዳው ወይ የምስክር ወረቀትሽ።

መምህርት፦ (ትንሽ አስባ) ሰሌዳው።

(አናጢው የምስክር ወረቀቱን ከሚስማሩ አወረደ። እሱም ፕላስቲክ ለብሷል። ዓይኑን ጨፈነና በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ሄደበት።)

መምህርት፦ ጋሼ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት!

አናጢው፦ ምን አልኩ? አቧራ እየጠረግኩልሽ ነው። (ወረቀቱን ሰጣት፤ ወደ በሩ ሲሄድ ቆም አለ።) ያቺ ትንሿ ቅድም የሠራችልኝ ወረቀት የታለ?

መምህርት፦ የቱ ወረቀት?

አናጢው፦ መዳፌን ይዛ "ይሄ ዛፍ ነው" አላለችም? ቀለም ቀብታ ወረቀት ላይ አተመችው። ሸንተረሩ፣ ስንጥቁ፣ የመዶሻው ጠባሳ፣ አንድ አልቀረም። አርባ ዓመት ይዤው ስዞር አይቼው አላውቅም። ለባለቤቴ ላሳያት ነው።

መምህርት፦ ውይ፣ እዚህ ነው! እንዴት ያምራል! ቆይ ጋሼ፣ እንዲሁ ይዘውት ሊሄዱ አይደለም፣ እስከ ቤት ድረስ…

አናጢው፦ መምህርት! እጅሽን!

(መምህርቷ ወደ እጇ ተመለከተች። አንደኛው እጇ ወረቀቱን ይዟል። ሌላው ማሽኑን ሰክቶ፣ ፕላስቲኩን ከፍቶ፣ የወረቀቱን ጫፍ ግማሽ መንገድ አስገብቷል።)

መምህርት፦ እኔ አላዘዝኩትም።

አናጢው፦ (ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጇ እየወሰደ) አውቃለሁ። የኔም አይታዘዝም።

መምህርት፦ ግን ጋሼ፣ ቢቆሽሽብዎስ?

አናጢው፦ ይቆሽሻ! የኔ እጅ ነው እኮ። መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል?